ውሃ የሚያበዛ ሕፃን፦ «አይጨነቁ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ወላጆች እርስ በርስ እየተላላኩ የሚያነቡት «ልጅዎ ውሃ ያበዛል? አይጨነቁ» የሚል ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሷል። የላኩልኝ እናት «ዶክተር፣ እውነት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጽሑፉ ከ1 እስከ 3 ዓመት ስላሉ ልጆች የሚናገር ሲሆን ሐሳቡ ሲጠቀለል እንዲህ ነው፦ ውሃ የሚያበዛ ልጅ ሰውነቱ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ጥርጣሬ ካለ ውሃ ከልክሎ ማየት ይበቃል፤ ስኳር የትልቅ ሰው በሽታ ነው፤ ስኳር ቢሆን ደግሞ ሽንቱን ጉንዳን ይወረዋል፤ ጥሙ የወስፋት ወይም የእንጥል ጣጣ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ባዶ ውሃ ከሚጠጣ ወተትና ጁስ ቢለምድ ይሻላል፤ ላብራቶሪ መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

ጸሐፊው ወላጅን ማስደንገጥ የማይወዱ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ አማርኛቸውም ያምራል። ማረጋጋታቸውን አልጠላሁም። ነገር ግን ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ ልጅ ሊገድል ይችላል፤ ሁለቱ ደግሞ ሕክምና ያዘገያሉ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

«ሰውነት የሚፈልገውን ያውቃል» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ውሃ ያበዛል ተብሎ ከሚመጣ ሕፃን አብዛኛው ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ጡጦ ማጽናኛ የሆነለት፣ ኩባያ ካልያዘ የማይጫወት፣ እየጠባ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ በየቤቱ አለ። ቆላ የሚያድግ ልጅና ደብረ ብርሃን የሚያድግ ልጅ እኩል አይጠጡም። በርበሬና ጨው የበዛበት ወጥ የቀመሰ ልጅ ይጠማዋል፤ ተቅማጥ ይዞት የሰነበተም የጎደለውን ለመተካት ይጠጣል። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ሆኖም ውሃ በሽንት እየወጣ የሚያልቅበት ልጅም ሰውነቱ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ኩባያውን የማይለቀውም ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ጥያቄ ልጁ ስለጠጣ ይሸናል ወይስ ስለሚሸና ይጠጣል የሚለው ነው። ጽሑፉ ስለ ኩባያ ብዙ ሲያወራ ስለ ዳይፐር አንድም ቃል አላነሳም። መልሱ ያለው ግን ዳይፐሩ ውስጥ ነው።

መጠኑንም ቢሆን በግምት መተው አይገባም። 12 ኪሎ የሚመዝን የሁለት ዓመት ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ፈሳሽ ውሃው፣ ወተቱና ሾርባው ተደምሮ 1.1 ሊትር ገደማ ነው። ሐኪሞች ይህን የሚያሰሉት ለመጀመሪያዎቹ 10 ኪሎዎች በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ እስከ 20 ኪሎ ላለው ደግሞ በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር እየያዙ ነው። ቤት ውስጥ ግን ኩባያው ይለያያል፣ ግማሹ ይደፋል፣ የቀረው ደረቱ ላይ ይፈስሳል፤ አያት ያጠጡትን እናት አታውቅም። ጠዋት የግማሽ ሊትር ሃይላንዶች ሞልታችሁ አስቀምጡና የልጁን ውሃ ከእነሱ ብቻ ቅዱ፤ ማታ የጎደለውን እዩ። ወተቱን ሳይጨምር ውሃው ብቻውን 2 ሊትር የሚደርስበት ሕፃን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ልኬቱ የሚጠቅመው ደህና ለሚጫወት፣ ለሚበላና ላልከሳ ልጅ ነው። የከሳ ወይም የደከመ ልጅ ከሆነ ሃይላንዱን ትታችሁ ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ወላጅ ሲነግረኝ ከመጠኑ ይልቅ ጆሮዬን የሚያቆመው የሌሊቱ ነገር ነው። በልማድ የሚጠጣ ልጅ ሲተኛ ልማዱም አብሮት ይተኛል፤ ቢነቃም ጡጦውን ጎንጨት ጎንጨት አድርጎ ይመለሳል። ውሃ የሚያልቅበት ልጅ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ተነስቶ ሙሉ ኩባያ ይጨልጣል፤ 10 ሰዓት ላይ ይደግማል፤ ጠዋት ዳይፐሩ ብቻ ሳይሆን ፒጃማውና ፍራሹም ርሶ ይገኛል። ጤነኛ ኩላሊት ሌሊት ውሃ ስለሚቆጥብ የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ቢጫ መሆን አለበት። ያ ሽንት በየቀኑ እንደ ቧንቧ ውሃ ከጠራ ምርመራ ያስፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ ጡጦ አፉ ላይ የሚያድርም ልጅ ሽንቱ ሊነጣ ስለሚችል ቀለሙ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ዳይፐር አቁሞ ከቆየ በኋላ እንደገና አልጋ ማርጠብ የጀመረ ልጅም እዚሁ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ብዙ ቤት ግን «ሰነፈ» ተብሎ ይቆጡታል።

አሁን ወደ ከፋው አንቀጽ ልለፍ። ጸሐፊው «ከማታ ጀምሮ እስከ ማግስቱ ምሳ ውሃ ከልክሉት፤ ከቻለ ልማድ ነው» ይላሉ። ይህን ማንም ወላጅ እንዳይሞክረው።

ውሃ ከልክሎ ማየት የሚባል ምርመራ በእርግጥ አለ። የሚደረገው ግን ሆስፒታል ውስጥ ነው። ልጁ አልጋ ይዞ በየሰዓቱ እየተመዘነ፣ የደሙ ሶዲየም (ጨው) እና የሽንቱ ውፍረት እየተለካ፣ ክብደቱ ከተፈቀደው በላይ ሲቀንስ ወዲያው እየተቋረጠ ይሠራል። ብዙ ጊዜም የጠዋት ሽንትና ደም ብቻ ታይቶ ሳያስፈልግ ይቀራል። ሐኪም በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚነካውን ነገር እናት መኝታ ቤት ውስጥ እንድትሞክረው መምከር ምን ይባላል?

እንዲህ የሚያስፈራን ከስኳር ጋር ዝምድና የሌለው፣ ዳያቤቲስ ኢንሲፒደስ የሚባል ሕመም ነው። አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ የሚወጣ ቫዞፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ኩላሊት ውሃውን መልሶ እንዲይዝ ያዘዋል። ሆርሞኑ ከጎደለ ወይም ኩላሊቱ ትእዛዙን ካልሰማ ቧንቧው ሳይዘጋ ያድራል፤ ልጁ በአፉ የሚያስገባው በታች ይፈስሳል። ብርቅ ሕመም ነው፤ ከ25,000 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። ሆርሞኑ የሚጎድለው በጭንቅላት ውስጥ በሚበቅል እባጭ (ቱመር)፣ በጭንቅላት ጉዳት፣ ሂስቲዮሳይቶሲስ በሚባል ሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱን ለማግኘት ኤምአርአይ የሚባለው የጭንቅላት ምስል ይታዘዛል። ኩላሊቱ የማይሰማበት ዓይነት ሕፃናት ላይ ሲታይ በአብዛኛው በእናት በኩል የሚወርድ፣ ወንዶችን የሚያጠቃና ከመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጀምር ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ክብደት አይጨምርም፤ ሆዱ ይደርቃል፤ ያስመልሰዋል፤ መነሻው የማይታወቅ ትኩሳት ይመላለስበታል፤ ወተቱንም ምግቡንም ገፍቶ ውሃ ይመርጣል። ሐኪም «በእናትየው በኩል ውሃ የሚያበዛ አጎት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ለወሬ አይደለም።

ይህን ልጅ ውሃ ብትከለክሉት ሽንቱ አይቆምም። ደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ከጤነኛው ጣሪያ፣ ከ145 በላይ እየወጣ ይሄዳል፤ ልጁ መጀመሪያ ይነጫነጫል፣ ይጮሃል፣ ቀጥሎ ይፈዝዛል፣ መጨረሻ ላይ ይንዘፈዘፋል፤ አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ስኳር ያለበት ልጅም ውሃ ሲከለከል እንዲሁ ይደርቃል። በጸሐፊው መለኪያ ግን ማልቀሱን ትቶ ዝም ያለው ልጅ «ቻለ» ተብሎ ይመዘገባል። ልማድ ነው ተብሎ የሚፈረድለት ልጅ የባሰበት ልጅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

በጊዜ የተገኘ ልጅ መድኃኒት አለው። ሆርሞኑ ለጎደለው ዴስሞፕሬሲን ይሰጠዋል። ኩላሊቱ ለማይሰማው ጨው ተቀንሶ፣ ውሃው ሳይከለከል፣ ታያዛይድ የሚባል የሚያሸና መድኃኒት ይታዘዛል። የሚያሸና መድኃኒት ሽንት ሲቀንስ ማየት የሕክምና ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የማያምነው ነገር ነው፤ ግን ይሠራል።

ልማዱን መለየት ለሚፈልግ ወላጅ ደህና መንገድ አለ። መጀመሪያ ስኳሩ ይለካ። ከዚያ ውሃውን ሳትነኩ ጣዕሙን አንሱ፦ ጁሱን፣ ሻዩን፣ ለስላሳውን በየቀኑ እያቀጠናችሁ ወደ ንጹሕ ውሃ አምጡት፤ ጡጦውንም በኩባያ ተኩት። ውሃው እንደልቡ ይቀርብለት። በልማድ የሚጠጣ ልጅ ጣፋጩና ጡጦው ሲቀሩ ፍላጎቱ ይቀዘቅዛል፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ መጠጡ በግማሽ የሚቀንስም አለ። በእውነት የተጠማ ልጅ ግን የተሰጠውን ሁሉ ይጠጣል። በረዶ ቢሆን፣ የገላ መታጠቢያ ውሃ ቢሆን፣ ባልዲ ውስጥ ያለ ቢሆን አይመርጥም።

«ስኳር የትልቅ ሰው በሽታ ነው፤ ቤተሰብ ውስጥ ከሌለ ሕፃን ላይ አይታይም።» ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ አያቶቻችንን የሚይዘውን፣ ከውፍረትና ከዕድሜ ጋር የሚመጣውን ሁለተኛውን ዓይነት አስበው ይመስለኛል። ሕፃናትን የሚይዘው በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የሰውነት መከላከያ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ራሱ ያጠፋቸዋል። ልጁ ከረሜላ ስለበላ አይመጣም፤ እናት በእርግዝና ጊዜ ማር ስላበዛችም አይመጣም። በበሽታው ከሚያዙ ልጆች የሚበዙት ወላጅ ወይም ወንድም እህት ታሞ አያውቅም። ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ4 እስከ 7 እና ከ10 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ቢሆንም የአንድ ዓመት ልጅንም ይይዛል። በትንንሾቹ ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ትልቅ ሰው ዓመታት ሳያውቀው ይኖራል፤ ሕፃን ግን በሳምንታት፣ አንዳንዴም በቀናት ውስጥ ይወድቃል።

አካሄዱን ልዘርዝረው፤ ጽሑፉ ስላልዘረዘረው። ኢንሱሊን ከሌለ ስኳር ከደም ወደ ሕዋስ አይገባም። በደም የተከማቸው ስኳር በኩላሊት ሲያልፍ ውሃ ጎትቶ ይወጣል፤ ሽንት ይበዛል፤ ልጁ ይጠማል። ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስላልቻለ ስቡንና ጡንቻውን ያቃጥላል፤ ልጁ እየበላም ይከሳል፣ ይደክማል። የዳይፐሩ ቦታ በቅባት የማይለቅ ቀይ የፈንገስ ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል። ስብ ሲቃጠል የሚወጣው ኪቶን ደሙን አሲድ ያደርገዋል። ያኔ ልጁ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፣ እስትንፋሱ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ይሸታል፣ ከዚያ ራሱን ይስታል።

ይህን ያየ ወላጅ ምን ብሎ ነው ሐኪም ቤት የሚገባው? «ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል» ካለ ምግብ መመረዝ ይባላል። «ትንፋሽ አጥሮታል» ካለ የሳንባ ምች ተብሎ ፀረ ተሕዋስያን ይታዘዛል። ቆላ ከሆነ ወባ ነው፤ ከፈዘዘ የማጅራት ገትር። ጥሙንና ሽንቱን ማንም ካላነሳ አንዳቸውም መልሶች ሞኝነት አይደሉም፤ ምልክቶቹ በእርግጥ ይመሳሰላሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን «ደክሟልና ግሉኮስ ይደረግለት» የሚለው የተለመደ ልመና ነው። አቅም ላጣ ሰው ግሉኮስ ማስደረግ እኛ ዘንድ የደግነት ምልክት ሆኗል። ስኳሩ 500 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የደረሰ፣ ያልተለካ ሕፃን ላይ ግሉኮስ መጨመር ምን እንደሚያመጣ መገመት ከባድ አይደለም። ልጃችሁ ፈሳሽ በደም ሥር ከመውሰዱ በፊት ጣቱ ተወግቶ ስኳሩ ይለካ፤ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይባልም።

ጽሑፉ በዚሁ አንቀጽ ውስጥ «ስኳር እንኳ ቢሆን የአብሽ ውሃ ያወርደዋል» ይላል። አብሽ ጥሩ እህል ነው፤ እኔም እጠጣዋለሁ። ኢንሱሊን ማምረት ላቆመ ቆሽት ግን አብሽም ግራዋም ሽፈራውም ምትክ አይሆኑም። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ እስኪወጋ ድረስ ይህ በሽታ የያዘው ልጅ ተርቦ እየከሳ ይሞት ነበር። የያኔዎቹ ሐኪሞች የነበራቸው ሕክምና ምግብ መቀነስ ብቻ ነበር፤ ሞቱን ለጥቂት ጊዜ ያርቀዋል እንጂ አያስቀረውም። ቶምፕሰን ከመርፌው በኋላ 13 ዓመት ኖሯል። ዛሬ ኢንሱሊኑን በአግባቡ የሚያገኝ ልጅ ይማራል፣ ኳስ ይጫወታል፣ አድጎ ይወልዳል። ከጀመረ በኋላ ለወራት የሚያስፈልገው መጠን የሚቀንስበት ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ቤተሰብ «ጸበሉ ፈወሰው» ብሎ መርፌውን የሚያቆመው ያኔ ነው። ጸበሉ ይቀጥል፤ መርፌው ግን አይቋረጥ። ቄሶችም ይህን ቢናገሩ ከእኛ ይልቅ ይሰማሉ።

የጉንዳኑ ነገር። «ስኳር ከሆነ ሽንቱን ጉንዳን ይወረዋል፤ ካልወረረው ተረጋጉ» የሚለውን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ ውሸት ስለሆነ ግን አይደለም። የጥንት የሕንድ ሐኪሞችም ያስተዋሉት እውነት ነው፤ ስኳር ያለበት ሽንት ጉንዳን ይስባል። በገጠር ደጅ የሚሸና ልጅ ቢሆን ጉንዳኑ ቢመጣ እኔም ምልክቱን አልንቅም፤ በዚያው ቀን ይመርመር እላለሁ። ተቃራኒው ግን አይሠራም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በታሸገ ዳይፐር ውስጥ ያለን ሽንት የትኛው ጉንዳን መጥቶ ይመርምርልን? ጉንዳን አለመምጣቱ ጉንዳን አለመኖሩን ብቻ ነው የሚነግረን።

ስለ ወስፋት ረዘም አላደርግም። ሆድ ውስጥ ያለ ትል ልጅን ያከሳል፣ ሆዱን ይነፋል፣ አንዳንዱ ዓይነት ደም ያሳንሳል፤ ሌሊት ተነስቶ ውሃ የሚያስጨልጥ ጥም ግን የትል ምልክት አይደለም። የትል መድኃኒት በወቅቱ መስጠት ደግ ነው። ጉዳቱ «መድኃኒቱ እስኪሠራ እንጠብቅ» ሲባል ነው፤ በዚያ ጥበቃ ውስጥ ሳምንት ያልፋል።

እንጥሉ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ጸሐፊው «እንጥሉ ወርዶ ጉሮሮው እየደረቀበት ሊሆን ስለሚችል አዋቂ ያሳዩት» ብለዋል። «አዋቂ» ያሉት ማንን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ምላጭ ያለውን ሰው ነው። እንጥል ማስቆረጥ ጥምን አያስታግስም። በልጅ ላይ የሚያመጣው ደም መፍሰስ፣ ቁስል መመርቀዝ፣ ቴታነስና በአንድ ምላጭ የሚተላለፍ ደም ወለድ በሽታ ነው። ከነዚህ በፊት የተጠማው ልጅ ጉሮሮው ቆስሎ ውሃ መዋጥ ያቅተዋል፤ ስኳር ያለበት ከሆነ ቶሎ ወደ መውደቅ ይሄዳል። ጉሮሮ የደረቀው ሰውነት ስለደረቀ ነው። ጸሐፊው ይህን መስመር ከጽሑፋቸው ቢያወጡት ደስ ይለኛል። ግግ ማስነቀልን አለማንሳታቸውን ግን አመሰግናለሁ፤ ጥርስ ስላወጣ ነው ብሎ ማንኛውንም ሕመም ማሳበብ ገና ከቤታችን አልወጣም።

«ባዶ ውሃ ከሚጠጣ ወተትና ጁስ ይልመድ፤ ቢያንስ ይመግበዋል» የሚለው ከበጎ ሐሳብ የመጣ ነው፤ ሆኖም ስህተት ነው። ለሁለት ዓመት ልጅ ወተት በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ በብዛት ሲጠጣ ሆዱ ሞልቶ እንጀራውን፣ ምስሩን፣ እንቁላሉን ይተዋል። የላም ወተት ብረት ስለሌለው ማለት ይቻላል፣ ጉንጩ የሞላ፣ መዳፉ ግን የነጣ፣ ደሙ ያነሰ ልጅ ይወጣል። ጁስ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ጨርሶ አይሰጥም፤ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለው ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ይህም የቡና ሲኒ ሁለት ግፋ ቢል ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የእንግሊዝ ሐኪሞች ቀኑን ሙሉ ጣፋጭ መጠጥ ስለሚጠጡ ሕፃናት ጽፈዋል፤ ልጆቹ ምግብ ይጠላሉ፣ ሰገራቸው ይቀጥናል፣ ክብደት አይጨምሩም፤ ጣፋጩ መጠጥ ሲቀነስ ግን ይሻላቸዋል። ስኳር ያለበት ያልታወቀ ልጅ ደግሞ ለጥሙ ለስላሳና ጁስ ሲሰጠው ስኳሩ ይወጣል፣ ስኳሩ ሲወጣ ይሸናል፣ ሲሸና ይጠማል፤ እናት ደግሞ ሌላ ጠርሙስ ትከፍታለች። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ጡት ብቻ እንጂ ውሃም አይሰጠውም። በዚያ ዕድሜ ውሃ ሲበዛ ሶዲየም ቀንሶ ያንዘፈዝፋል።

ምክንያቶቹ እነዚህ ብቻ አይደሉም። የኩላሊት ሕመም፣ የደም ካልሲየም መብዛት (ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቫይታሚን ዲ መደጋገም ያመጣዋል)፣ የፖታሲየም ማነስ ኩላሊት ውሃ እንዳይቆጥብ ያደርጋሉ። ለአስም የሚሰጥ የፕሬድኒሶሎን ሽሮፕም ልጅን ያስጠማል፣ ያስርባልም። የሚወስደው መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ አሳዩ፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ።

የቀረው «ላብራቶሪ ገንዘብ ማባከን ነው» የሚለው ነው። ወጪ የሚበዛበት ወላጅ ስንት እንደሆነ አውቃለሁና ይህን ነጥብ በቁጣ አልመልስም። ግን ምን እንደሚያስፈልግ እንቁጠር፦ የጣት ጠብታ ደምና አንድ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ፣ ሁለተኛም የሽንት ስትሪፕ። ጾምም ቀጠሮም አያሻም፤ ውጤቱ ወዲያው ይታያል። የጥም ምልክት ባለበት ልጅ በማንኛውም ሰዓት የተለካ ስኳር 200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር እና ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ አልቋል፤ ያንኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ይላካል እንጂ ነገ ጾሞ ይምጣ አይባልም። የሽንቱ ስትሪፕ ስኳርና ኪቶን መኖሩን ያሳያል፤ ስኳር ከሌለበት ደግሞ የጠዋቱ ሽንት ጥግግት (ውፍረት) 1.020 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኩላሊቱ ውሃ መቆጠብ ይችላል ማለት ነው፤ ብዙ ሩቅ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል። 1.005 እና ከዚያ በታች እየሆነ ከተደጋገመ በደም ውስጥ ሶዲየም፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ)፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ይታያሉ። ከዚያም ልጁ የሕፃናት ሆርሞን ሐኪም ወዳለበት፣ ለምሳሌ ጥቁር አንበሳን ወደመሰለ ሆስፒታል ይላካል። ይህ ሁሉ ራስን ስቶ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ከሚያድር ልጅ ወጪ ጋር አይወዳደርም።

ወላጆች፣ ስትሄዱ የዕድገት ክትትል ካርዱን ያዙ፤ ከባለፈው ወር የቀነሰ ኪሎ ብዙ ይናገራል። ለባለሙያው «ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ውሃ ያበዛል፣ ሌሊት ይነሳል፣ ሽንቱ በዝቷል፤ ስኳሩ ይለካልኝ» በሉ። «ለሕፃን ልጅ ስኳር?» ብሎ የሚገረም ሊኖር ይችላል። አትከራከሩ፤ በአክብሮት ድገሙለት፤ ካልለካ መለኪያ ያለው ሌላ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ሂዱ። ልጁ እያስመለሰ፣ በፍጥነት እየተነፈሰ ወይም ፈዝዞ ከሆነ ግን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እስክትደርሱም መጠጣት ከቻለ ውሃ አትንፈጉት።